ድምፅ የሌለው ሠረገላ

«ቁሚ! የሺ፣ ቁሚ! ውሃ ነው!»

ጓደኛዋ ንጋት ከኋላ መጫኛው ላይ ሆና የየሺሃረግን ወገብ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። የሺሃረግ ሁለቱንም ፍሬን ጨበጠች። ብስክሌቱ እርጥብ አፈር ላይ ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ።

ሌላ ቅዳሜ የእግር መንገድ የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቷል። ሳይታሰብ የወረደው የጥቅምት መጨረሻ ዝናብ ወንዙን ሞልቶ ወደ ሜዳው አስወጥቶታል።

«እንመለስ በቃ» አለች ንጋት ወርዳ ቀሚሷን እየሰበሰበች።

«እዚህ ድረስ ወርደን?»

«ታዲያ ምን ይሁን? ብስክሌቱ ይዋኛል?»

የሺሃረግ ዙሪያዋን አየች። በግራዋ ወንዙ ነው። በቀኟ ሣሩ ነው፤ ሰዉ «ክልክሉ» የሚለው። ከሐምሌ ጀምሮ ሰውም ከብትም አይረግጠውም። ኅዳር ስምንት፣ የአርባዕቱ እንስሳ በዓል ሲያልፍ፣ በአንድ ቀን ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል። በጋውን ሙሉ በሬዎቹን በእግራቸው የሚያቆማቸው እሱ ነው። ይህን ውል ያሰረው መንግሥት አይደለም፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ የወንዙ ዳር ገበሬዎች ራሳቸው ተሰብስበው፣ ራሳቸው ተማምለው ያሰሩት ነው። ሣሩ አሁን እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ጫፉ ወደ ቢጫ መለወጥ ጀምሯል።

ከውሃው ተነሥቶ ጫካው አፍ ላይ እስካለው ጥቁር አለት ድረስ፣ በክልክሉ ዳር ዳር፣ ሣሩ ያጠረበት ጭቃማ ቦታ ይታያል። ሩቅ አይደለም።

«ጎማ ቀጭን ነው» አለች የሺሃረግ። «የበሬ ኮቴን ያህል እንኳ አይጎዳም።»

«ጋሽ ደባሱ ቢያዩንስ?» ጋሽ ደባሱ የሣሩ ጠባቂ ናቸው።

«ቅዳሜ ነው። ገበያ ናቸው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ። ንጋት አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት አየችና ተመልሳ ተፈናጠጠች።

ጎማው ለስላሳው ጭቃ ውስጥ ገባ። ድምፅ አልነበረውም። ሣሩ ብቻ ፔዳሉን እየዳሰሰ ሽው ይላል። የሺሃረግ ሚዛኗን ለመጠበቅ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያደረገች ነዳች። አንዲት ቆቅ ከፊታቸው ብድግ ብላ ሮጠች፤ አልበረረችም። ምን እንደመጣባት ገና ያልገባት ትመስላለች። ንጋት ከኋላ ሳቋን ለመያዝ ስትታገል ብስክሌቱ ተወዛወዘ።

አለቱ ጋ ሲደርሱ ወርደው፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ብስክሌቱን ተሸክመው በድንጋዩ ላይ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲያ ጫካው ነው፤ ሲመለሱ በላይኛው መንገድ ዞሩ።

የሺሃረግ ሳምንቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይህን ነበር። ጫካው መሃል አርባዕቱ እንስሳ የምትባል አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዙሪያዋን ጽድና ወይራ ከበዋታል። መንገዱ በወደቀ የጽድ ቅጠል ተሸፍኖ ቡናማ ነው፤ ጎማው ሲያልፍበት ምንጣፍ ላይ እንደሚሄድ እግር ነው። መኪና የሚያልፍበት ጥርጊያ ከተራራው ማዶ ስለሆነ ጡሩምባ የለም፣ አቧራ የለም። የዋኔ ወፍ ድምፅ አለ። ውሃ አለ። ከዛፎቹ መሃል ፀሐይ እየቆራረጠች ትወርድና እጆቿ ላይ፣ መሪው ላይ፣ እንደገና መሬቱ ላይ ትሮጣለች። እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ለማለት ትፈልጋለች፤ ቃሉን ግን አታገኘውም። «ተመስገን» የሚለው ይቀርበዋል። ስለዚህ እሱን ትላለች፣ በሆዷ።

ብስክሌቱ የአጎቷ የደግሰው ነው። ደግሰው አሰብ ወደብ ብዙ ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ቴፕና ብርድ ልብስ ይዞ በሚመጣበት ዘመን፣ እሱ ይህን ጥቁር የቻይና ብስክሌት ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ መጣ። ላሊበላ ሳቀበት። «ለፍየል እንኳ በሚከብድ አገር ብስክሌት?» አሉት። እውነትም ከተማው ውስጥ የሚነዳበት ቦታ አልነበረም፤ ዳገት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ድንጋይ ነው። እሱ ግን የእህቱን ልጅ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ አስተማራት። አንድ ቀን ዞር ብትል ሩቅ ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲስቅ አየችው። ብቻዋን እየነዳች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልቁለቱን በእግር እየጎተቱ ይወርዳሉ፤ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ይነዳሉ። ከወንድሟ የተረፈ ሱሪ ከቀሚሷ በታች ትለብሳለች። አባቷ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ነገሩን አልወደዱትም፤ ግን አልከለከሏትም። «አንድ ሰው ብቻ» ነበር ያሉት፣ ጣታቸውን አንስተው። «አንድ ሰው ስሞታ ይዞ እዚህ ደጅ ከመጣ፣ ያንን ነገር ዳግም አትነኪውም።»

እስከ ዛሬ ማንም አልመጣም።

---

ረቡዕ ቀን ቄስ ሀብተ ሥላሴ ከቅዳሴ ተመልሰው ማዕድ ላይ እንደተቀመጡ ለሚስታቸው እንዲህ አሉ፦

«ወንዝ ዳር ካለችው ከአርባዕቱ እንስሳ ሰው መጥቶ ነበር።»

«ምነው፣ በደኅና?»

«እዚያ የመነኑት እማሆይ ባንችይርጋ እሑድ በማለዳ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ፣ በክልክሉ ዳር ያለፈ መስመር አዩ። የሰው እግር የለው፣ የከብት ኮቴ የለው። ከውሃው ይነሳል፣ አለቱ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። አገሩ እየጎረፈ ነው አሉ።»

የየሺሃረግ እናት አማተቡ። «የኪሩቤል ሠረገላ!»

የሺሃረግ እጇ ወጥ ላይ እንደቆመ ቀረ።

እናቷ ያሉት የገባት ወዲያው ነበር። አርባዕቱ እንስሳ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙት አራቱ ናቸው፤ ገጻቸው የሰው፣ የአንበሳ፣ የላም፣ የንስር። ነቢዩ ሕዝቅኤል ሲያያቸው በአጠገባቸው መንኮራኩር ነበረ። ይህን በየዓመቱ በበዓላቸው ትሰማለች። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በኅዳሩ በዓል ሰሞን፣ ኮቴ የሌለው የመንኮራኩር መስመር ከታየ ሰዉ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? እሷ ራሷ ትንሽ ሳለች ቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ፣ የቅዱሱ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለው ቀዳዳ ውስጥ ጣቷን ከታ ነበር። በዚህ አገር ድንጋይም ጭቃም ይነበባል።

«እርስዎ ምን አሉ?» አሉ እናቷ።

«እኔ ሳላይ አዎም አልልም፣ አይደለምም አልልም» አሉ ቄስ ሀብተ ሥላሴ። «ቅዳሜ ለዋዜማው እወርዳለሁ። ያን ጊዜ አየዋለሁ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ ምነው? ብዪ እንጂ።»

«በላሁ አባ።»

---

«ዝም ነው የምንለው» አለች ንጋት በማግስቱ፣ ከክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ተደግፈው። «ፋራ አትሁኚ የሺ። ማን አየን? ማንም።»

«ሰዉ እኮ የሌለ ነገር እያመነ ነው።»

«ታዲያ ምን ጎዳቸው? ደስ ብሏቸዋል። እኛ 'ኧረ የኛ ጎማ ነው' ብለን ብንሄድ፣ አንደኛ ክልክሉን ረግጣችኋል ተብለን እንቀጣለን። ሁለተኛ አባትሽ። ሦስተኛ እማሆይ መሳቂያ ይሆናሉ። ዝም ብንል? ምንም። ጭቃ ነው፣ ይደርቃል። አብሽሪ።»

የሺሃረግ ንጋት ያለችውን አንድ በአንድ አሰበችው። ውሸት የሆነ ነገር አላገኘችበትም። የከበዳት እሱ ነበር።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሰው ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባ አገኘችው። ጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ ሥር የደረቀ ጭቃና የሣር ዘር ተጣብቋል። በጠመንጃ መፍቻ እየፋቀ ነበር።

ነገረችው። መጀመሪያ ዓይኑን አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ይቺ ብስክሌት አሰብ ላይ ዓሣ ነበር የምትጭነው! እስከ አሁን ጠረኗ አልለቀቀም። እዚህ መጥታ የኪሩቤል ሠረገላ ትሁን?»

«አትሳቅ ጋሽዬ።»

ፊቷን አይቶ ተወው። ጎማውን በጣቱ ገፋ አደረገውና ሲዞር አየው።

«አባትሽ ያሉትን አይለውጡም» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ለኔ ብለሽ አትናገሪ፣ ለኔ ብለሽም ዝም አትበይ። ብስክሌቷን የሰጠሁሽ ደስ እንዲልሽ ነው። ደስ ብሎሻል?»

«በጣም።»

«በቃ፣ እሱን ማንም አይወስድብሽም» አለና ብስክሌቱን አቃንቶ አቆመላት።

---

ቅዳሜ ቀን የሺሃረግ ቤቷ ሄዳ ብትጠራት ንጋት እምቢ አለች። «እናቴን አመማት» አለች፤ እናቷ ግን ከበስተኋላዋ ቆመው ገብስ ያበጥሩ ነበር።

የሺሃረግ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች። ውሃው ከእግር መንገዱ ላይ ሸሽቷል። ወንዙ ዳር ደርሳ ስትነዳ ከሩቅ የሰማችው ዋኔ አልነበረም፤ ሰው ነበር። ፍሬን ይዛ ወረደች፤ ብስክሌቱን ከክትክታው ቁጥቋጦ ኋላ ደብቃ በእግሯ ሄደች።

ክልክሉ ዳር ሰው ሞልቷል። መስመሩን በድንጋይ አጥረውታል። አንዳንዱ ይሳለማል፣ አንዳንዱ ጭቃውን በጨርቅ ጫፍ ይቋጥራል። ሊያዩ የሚንጠራሩት ደግሞ ከድንጋዩ በስተኋላ ሣሩ ውስጥ ገብተው ቆመዋል። የቆሙበት ሣር ተኝቷል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ተጨፍልቆ ከጭቃ ጋር ተለውሷል።

«እኔ የምለው» ይላል አንድ ገበሬ ጎንበስ ብሎ፣ «ይሄ ቅርጹ የበረባሶ አይደለም? እዩት እስቲ፣ የጎማ ጫማ ነው የሚመስለው።»

«በረባሶ ይሄን ያህል ይረዝማል?» አለው ጎኑ ያለው።

«እግሩን ሳያነሳ የሚሄድ ሰው ቢሆንስ?»

«እግሩን ሳያነሳ የሚሄደውማ አንተ ነህ፣ ጠላ ቤት ደርሰህ ስትመለስ።»

ሰዎቹ ሳቁ። «ዝም በሉ እናንተ፣ የተቀደሰ ቦታ ነው!» አለች አንዲት ሴት።

ጋሽ ደባሱ ከሁሉም ራቅ ብለው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። የሺሃረግ ቀረብ ብላ እጅ ነሳች።

«ሣሩ ተጎዳ አይደል፣ ጋሽ ደባሱ?» አለች። እንድትጠይቅ አላሰበችም ነበር፤ አፏ ቀደማት።

«ኤዲያ!» አሉ ሳያዩዋት። «ከብት ቢገባ በዱላ እመልሰው ነበር። በረከት ልሳለም ብሎ የመጣን ሰው በምን ልመልስ? ብመታው ኃጢአት፣ ብተወው ሣሩ አለቀ። ይሄ እንግዲህ ዛሬ ነው። ነገ በዓሉ ነው፤ ከብልባላም ከገነተ ማርያምም ሰው ይመጣል አሉ።» ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «የኔን በሬስ እሺ፣ እሸጠዋለሁ። ባሏ የሞተባት፣ አንድ በሬ ብቻ ያላት አለች። እሷ ምን ልታበላ ነው?»

የሺሃረግ የተጨፈለቀውን ሣር አየች። ወደ ጫካው ሄደች።

---

እማሆይ ባንችይርጋ ከጎጇቸው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለበዓሉ ጧፍ ይጎነጉኑ ነበር። ቀጭን ሴት ናቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። አጠገባቸው ሰው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ሜዳው ላይ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የቄስ ሀብተ ሥላሴ፣ እማሆይ።»

«እሰይ! አባትሽም ዛሬ ይመጣሉ አሉኝ። ነይ ተቀመጭ። ይህን ክር ያዢልኝ፣ እጄ ደከመ።»

የሺሃረግ ተቀምጣ የክሩን ጫፍ ያዘች። እማሆይ ሰሙን እየዳመጡ ያወራሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ያወራሉ፤ ብዙ ዘመን የሚሰማቸው አጥተው እንደቆዩ ያስታውቃል።

«ይቺን ደብር ሰው ረስቷት ነበር ልጄ። ቄስ ለበዓል ካልሆነ አይመጣ። እኔም ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ከዚች ደጅ በጓሮ በኩል አለቱ ሥር እስካለው ምንጭ ነው፣ ሌላ የትም። ክረምቱን ሙሉ ምን እል ነበር መሰለሽ? 'ጌታዬ፣ ይቺን ቤት የሚያስባት አንድ እንኳ አለ?' ሌላ አልለመንሁም። እሑድ ማለዳ ማሰሮዬን ይዤ ስወጣ አየሁት። እንደ ሐረግ ነው። ይለያያል፣ ይገናኛል። ይለያያል፣ ይገናኛል። ጉልበቴን እንዲህ እያመመኝ ተንበረከክሁ።»

የሺሃረግ ክሩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«እማሆይ።»

«ወይ።»

«እሱ መስመር… የኔ ነው።»

እማሆይ ጧፉን አላስቀመጡም። «እንዴት ያንቺ?»

የሺሃረግ በቃል ልታስረዳ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ተነሥታ ሮጠች፣ ከቁጥቋጦው ኋላ ብስክሌቱን እየገፋች በጫካው በኩል አመጣችውና ፊታቸው አቆመችው። እማሆይ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የፊት ጎማውን ነኩ። ጣታቸው በጎማው ጥርሶች መሃል እየዳሰሰ ሄደ። ጭቃው ላይ ያዩትን በእጃቸው እያነበቡት ነበር።

«ሁለቱ ጎማ ነው» አለች የሺሃረግ በቀስታ። «ቀጥ ብዬ ስነዳ የኋላው የፊቱን ይረግጣል። ስዞር ይለያያሉ። አለቱ ጋ ስንደርስ ተሸከምነው። ለዚህ ነው የጠፋው።»

እማሆይ እጃቸውን ሰበሰቡ። ከፊታቸው ላይ አንድ ነገር ጠፋ፤ የሺሃረግ ሲጠፋ አየችው፣ ስሙን ግን አታውቅም። ያን ጊዜ ነበር ማልቀስ የጀመረችው።

«እኔ አሮጊቷ» አሉ እማሆይ ለራሳቸው፣ «አገር ሰበሰብሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማሆይ። ላስለቅስዎት ብዬ አይደለም…»

«ያለቀስሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አላለቀስሁም» አሉ። ቆይተው እንደገና ጎማውን አዩት። «ሲሄድ ድምፅ የለውም?»

«የለውም። ጸጥ ያለ ነው።»

«ለዚያ ነዋ ያልሰማሁሽ። ቅዳሜ ነበር ያለፍሽው?»

«ሁልጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«ሁልጊዜ?» እማሆይ ቀና አሉ። «በዚህ በኩል? በደጄ?»

«በዚህ በኩል። እርስዎ ያን ሰዓት ጸሎት ላይ ነዎት መሰለኝ፣ በሩ ዝግ ነው።»

«ምን ልትሠሪ?»

የሺሃረግ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ምን ልትሠራ እንደምትመጣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ንጋት ልትዝናና ትመጣለች፣ ደግሰው ሰንሰለቱ ዛገ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አባቷ ማን አየሽ ይላሉ። «ምንም» አለች። «ጫካው ደስ ይለኛል። እዚህ ስደርስ… ተመስገን ማለት ያሰኘኛል። ብዬ እመለሳለሁ።»

አንዲት ዋኔ ከጽዱ ላይ ደጋግማ ጠራች። ሰም የነካው የእማሆይ ጣት ወደ የሺሃረግ ጉልበት መጥቶ አንዴ መታ መታ አደረጋት።

«እኔ ማንም አይመጣም እያልሁ» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ!» ከዚያ ሳቁ። ጥርስ የጎደለው፣ የልጅ የሚመስል ሳቅ ነበር።

ጧፉን ጠቅልለው ወደ ጎን አስቀመጡ።

«ስሚኝ። እኔ መሳቂያ ብሆን ግድ የለኝም፤ መነኩሴ ነኝ፣ ይጠቅመኛል። አንቺ ግን አባትሽ አሉ። አይደል?»

የሺሃረግ ራሷን ነቀነቀች። አባቷ የተናገሩትን ነገረቻቸው።

«እንግዲያ እኔ አልናገርም። ጭቃው በዓሉ ካለፈ ደርቆ ይጠፋል። በላይኛው መንገድ አድርገሽ ሂጂ፣ ማንም አያይሽም።»

ይህ ንጋት ያለችው ነበር። ከንጋት አፍ ሲወጣ የከበዳት፣ ከእማሆይ አፍ ሲወጣ ደግሞ እንደ ስጦታ ነበር፤ ልትቀበለው እጇ ሊዘረጋ ምንም አልቀረው።

«ነገ ሰዉ ሲመጣ ሣሩስ?» አለች።

እማሆይ ወደ ሜዳው በኩል አዩ። ዛፎቹ ስለሚጋርዱት የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ድምፁ ግን ይሰማል። በዱላቸው ተደግፈው ለመነሣት ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ይሄ ነገር ሰው ይሸከማል?»

«ይሸከማል፣ እማሆይ። ንጋትን ከነምሳችን ይሸከማል።»

«እኔንስ?»

---

የሺሃረግ ነጠላዋን አጥፋ መጫኛው ላይ አነጠፈች። ብስክሌቱን አለት ላይ አስጠግታ ያዘች። እማሆይ ባንችይርጋ በስመ ሥላሴ ብለው፣ በቅሎ ላይ እንደሚወጡ፣ በጎን ተቀመጡ። ክብደታቸው ምንም አልነበረም። ዱላቸውን በአንድ እጅ፣ የየሺሃረግን ትከሻ በሌላው ያዙ።

አልነዳችውም፤ መሪውንና ኮርቻውን ይዛ ቀስ ብላ ገፋችው። ጎማው በወደቀው ቅጠል ላይ ሄደ።

«በስመ አብ» አሉ እማሆይ ትንፋሻቸውን ውጠው። ቀጥለው፦ «እውነትም ድምፅ የለውም።»

በጽዶቹ መሃል አለፉ። ፀሐይ በእማሆይ ቆብ ላይ፣ በእጃቸው ላይ፣ በመሪው ላይ ወረደች። እማሆይ አንገታቸውን አቅንተው ዛፎቹን ያያሉ። «ይቺ ወይራ እንዲህ አድጋለች? እኔ ሳውቃት እኮ እስከ ወገቤ ነበረች» ይላሉ። «ያ ምንድን ነው? የዋኔ ጎጆ ነው?» ይላሉ። ብዙ ዓመት በዚህ ጫካ ኖረው፣ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ይህን መንገድ ሲያዩት ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። የሺሃረግ ቀስ አለች። ቅዳሜዎቿን ሁሉ አሰበች፤ ውሃውን፣ ቆቋን፣ ደግሰው ሩቅ ቆሞ ሲስቅ ያየችበትን ቀን። ይህ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ከሆነም፣ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነበር።

ጫካው ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ያለው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደርሳል፤ ከዚያም ወደ ላይኛው መንገድ። በቀኝ ያለው ወደ ሜዳው ይወርዳል። በቅርንጫፎቹ መሃል ሰዉ ይታያል። ጋሽ ደባሱ አሁንም ራቅ ብለው እንደቆሙ ናቸው። በሰዉ መሃል አንድ ነጭ ጥምጥም ወደ መሬት ጎንበስ ብሏል። አባቷ ደርሰዋል። ጭቃው ላይ ያለውን መስመር በጥሞና እያዩ ነው፤ እሷን ገና አላዩአትም።

የሺሃረግ ብስክሌቱን አቆመች።

«የት ላድርስዎት፣ እማሆይ?»

«እኔ እንደሁ ተቀምጫለሁ» አሉ እማሆይ ባንችይርጋ። «የት እንደምንሄድ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

የሺሃረግ ወደ ነጩ ጥምጥም አየች።

«እንግዲያ አጥብቀው ይያዙኝ» አለች፣ «ጭቃ ነው።» መሪውንም ወደ ቀኝ አዞረችው።